ዲኤንኤንና አንቲቦዲን ማጣመር ትርፍ ድካም ነው? ለአንድ ተቺ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ዲኤንኤንና አንቲቦዲን አጣምረው ስለሚሠሩ ባዮሴንሰሮች የሚተች አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ባዮሴንሰር ስንል ከደም ወይም ከሌላ ናሙና ውስጥ የበሽታን ምልክት ለይቶ በቁጥር ወይም በቀለም የሚያሳውቅ መሣሪያ ማለታችን ነው። በጥምሩ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንቲቦዲው፣ ማለትም ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመያዝ የሚሠራው ዓይነት ፕሮቲን፣ የሚፈለገውን ነገር ለቅሞ ይይዛል። ዲኤንኤው ደግሞ መያዙን ያሳብቃል። ጸሐፊው በዚህ ጥምረት ደስተኛ አይደሉም።

ክሳቸው ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ ዲኤንኤን እያባዛ የሚመረምረው ፒሲአር እያለ አንቲቦዲ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ለምርመራው የሚጨመረው ዲኤንኤ ከታካሚው ዲኤንኤ ጋር ተደባልቆ ውጤቱን ያበላሻል፤ የሰውየውንም የዘር ምስጢር ያወጣል። ሦስተኛ፣ ምልክትን በሚሊዮን ማባዛት ስህተትንም በሚሊዮን ማባዛት ነው። አራተኛ፣ ደም ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ዲኤንኤን ስለሚቆራርጡት መሣሪያው አይሠራም። አምስተኛ፣ ሐሳቡ 30 ዓመት አልፎትም ከቤተ ሙከራ አልወጣም። ስለዚህ ገንዘቡ ለፒሲአር ማሽን መግዣ ይዋል ብለው ይደመድማሉ።

ሁሉም ነጥቦች እኩል ደካማ አይደሉም። ሦስተኛው በዋዛ የሚታለፍ ስላልሆነ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ፒሲአር ይበቃል»

ፒሲአር ድንቅ ነገር ነው፤ በዚህ አንጣላም። ካሪ ሙሊስ በ1983 ያሰበው ሐሳብ በ1993 ኖቤል አሸልሞታል። ግን ፒሲአር የሚያየው ዲኤንኤን ነው፤ አርኤንኤንም ቢሆን ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ ነው የሚያየው። ሐኪም የሚጠይቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለ ፕሮቲን ነው።

ደረቱን ይዞ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው እንውሰድ። ልቡ ነው ወይስ ጨጓራው? ይህን ለመለየት ትሮፖኒን የሚባል የልብ ጡንቻ ፕሮቲን ይለካል። የልብ ሴል ሲጎዳ ትሮፖኒኑ ወደ ደም ይፈስሳል። የትሮፖኒን ጂን ግን በጉንጩም በቆዳውም ሴል ውስጥ ተቀምጧል። ልቡ ሲታመምም ሲድንም ጂኑ ያው ነው። ጂኑን ስንት ጊዜ ቢያባዙት ልቡ መጎዳቱን አይነግርዎትም። ኢንሱሊንም፣ የእርግዝና ምርመራ ሆርሞኑም፣ ለፕሮስቴት የሚለካው ፒኤስኤም እንዲሁ ናቸው። እነዚህን የሚለቅመው አንቲቦዲ ነው።

አንቲቦዲን ለመለኪያ መጠቀም ረጅም ታሪክ አለው። ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ኢንሱሊንን በራዲዮአክቲቭ ምልክት ለኩ። በ1971 ኤቫ ኤንግቫልና ፔተር ፔርልማን ስቶክሆልም ላይ ራዲዮአክቲቩን በኢንዛይም ተክተው ኤላይዛን አመጡ። ኤላይዛ ዛሬም በየላብራቶሪው አለ። ችግሩ ኢንዛይሙ ቀለም እስኪያወጣ ድረስ በቂ ፕሮቲን መያዝ አለበት። ፕሮቲኑ በጣም ጥቂት ሲሆን ቀለሙ ከባዶው ጉድጓድ (ናሙና ከሚጨመርበት የፕላስቲክ ሳህን ትንሽ ቀዳዳ) አይለይም።

ዲኤንኤ የገባው ይህን ክፍተት ሊሞላ ነው። ፕሮቲንን እንደ ዲኤንኤ ማባዛት አይቻልም። ፕሮቲኑን የያዘው አንቲቦዲ ላይ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ቢታሰርበትስ? ያንን ቁራጭ ማባዛት ይቻላል። በየዙሩ እጥፍ እየሆነ በ30 ዙር አንዱ ቁራጭ ከ1 ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ታኬሺ ሳኖ፣ ካሳንድራ ስሚዝና ቻርልስ ካንተር በ1992 ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዘዴው ኢሚዩኖ ፒሲአር ተባለ። በዚያ ሙከራ 580 የሚሆኑ የፕሮቲን ሞለኪውሎችን ለይተዋል። ጉድጓዱ ላይ የተለጠፈ ንጹሕ ፕሮቲን እንጂ የታካሚ ደም አልነበረም፤ ይህ መታወስ አለበት። ያም ሆኖ መንገዱን ከፍቷል።

ጸሐፊው ያላዩት ሌላ ነገርም አለ። ራሱ የጂን ምርመራ በአንቲቦዲ የሚደገፍበት ጊዜ አለ። ከማሽን ውጪ በወረቀት ስትሪፕ ላይ የሚነበቡ የጂን ምርመራዎችን ይመልከቱ። ዲኤንኤው ሲባዛ ጫፉ ላይ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ይደረግበታል። ያንን ምልክት ይዞ መስመሩን የሚያቀላው በወርቅ ብናኝ ላይ የተለጠፈ አንቲቦዲ ነው። ሼርሎክ የተባለው በክሪስፐር፣ ጂንን ለይቶ በሚያገኝ ዘዴ፣ የሚሠራው ምርመራም በስትሪፕ ሲነበብ አንቲቦዲ ይጠቀማል። ጡረታ ውጣ የተባለው አንቲቦዲ የፒሲአርን ልጆች እያገለገለ ነው።

«የታካሚው ዲኤንኤ ይደባለቃል፤ ምስጢሩም ይወጣል»

ይህኛው አጭር መልስ ይበቃዋል። አንቲቦዲው ላይ የሚታሰረው ቁራጭ በፋብሪካ የሚሠራ ነው። ፊደሎቹ ሲደረደሩ ከሰው ዲኤንኤ ጋር እንዳይመሳሰሉ ተመርጠው ነው። ማባዛቱን የሚጀምሩት ፕራይመሮችም ያንን ቁራጭ ብቻ ያውቃሉ። የታካሚው ዲኤንኤ በናሙናው ውስጥ ቢኖርም የሚያነበው የለም። ቁራጩ የሚናገረው «እኔ የታሰርኩበት አንቲቦዲ እዚህ ነበር» የሚል ብቻ ነው። ስለዘር፣ ስለአባትነት፣ ስለወደፊት በሽታ የሚያወጣው ምስጢር የለም።

እውነተኛው የመበከል ሥጋት ሌላ ቦታ ነው ያለው። የተባዛው ቁራጭ ቱቦ ሲከፈት በአየር ተንኖ ወደ ነገው ናሙና ሊገባ ይችላል። ይህን ማንኛውም የፒሲአር ላብራቶሪ ያውቀዋል። ከማባዛት በፊትና በኋላ ያለው ሥራ በተለያየ ክፍል የሚሠራው፣ ቱቦውም ተዘግቶ የሚነበበው ለዚህ ነው። ጸሐፊው የሚያሞካሹት ፒሲአርም ከዚህ አያመልጥም።

«ምልክቱ ሲባዛ ስህተቱም ይባዛል»

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን።

ለ1992ቱ ዘዴ ከሆነ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። በኋላ በተለመደው አሠራሩ አንዱ አንቲቦዲ ጉድጓዱ ላይ ተለጥፎ ፕሮቲኑን ይይዛል። ሁለተኛው ዲኤንኤ ታስሮበት ከላይ ያርፋል። ከዚያ ይታጠባል። እጥበቱ ግን መቼም ፍጹም አይሆንም። ምንም ፕሮቲን ሳይነካ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ የሚቀር አንቲቦዲ አለ። በኤላይዛ ቢሆን ያ ትርፍራፊ የሚያወጣው ቀለም ለዓይን አይሞላም። እዚህ ግን ዲኤንኤ ይዟል፤ ፒሲአር ደግሞ ማንን እንዳባዛ አይጠይቅም። ባዶው ጉድጓድ ፖዘቲቭ ይመስላል። ኢሚዩኖ ፒሲአር የሞከረ ሰው ሁሉ ከዚህ ጋር ታግሏል።

ጸሐፊው የቆሙት ግን 1992 ላይ ነው። በ2002 የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲው የኡልፍ ላንዴግሬን ቡድን ሌላ መላ ዘየደ። አንድ አንቲቦዲ ብቻውን የሚናገርበትን ዕድል ዘጋበት። መጀመሪያ የሞከሩት ፕሮቲን የሚይዙ የዲኤንኤ ቁራጮችን፣ አፕታመር የሚባሉትን፣ ይዘው ነበር፤ አንቲቦዲ ተከትሎ መጣ። አሠራሩ ሁለት ሰዎች ቁልፋቸውን አብረው ካላስገቡ እንደማይከፈት የባንክ ካዝና ነው። እያንዳንዱ አንቲቦዲ ግማሽ ቁራጭ ይይዛል። ሁለቱ እዚያው አንድ ፕሮቲን ላይ ጎን ለጎን ሲያርፉ የቁራጮቻቸው ጫፎች ይገናኛሉ። ሦስተኛ አጭር ቁራጭ ያቀራርባቸዋል፤ ላይጌዝ የሚባለው ኢንዛይም ይሰፋቸዋል። የሚባዛው ያ የተሰፋው ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ ብቻውን ተጣብቆ የቀረ አንቲቦዲ ግማሽ ቁራጭ ይዞ ዝም ይላል። በኋላ የመጣው ዘዴ ደግሞ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አጣብቆ ዲኤንኤ በሚገነባው ኢንዛይም፣ በፖሊሜሬዝ፣ ያስሞላቸዋል። ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

እዚህ ጋ ዲኤንኤ የሚያደርገው ነገር ከማባዛት ያልፋል። ያጣራል። ይህ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ብዙ ፕሮቲን በአንድ ጊዜ ሲለካ ነው። 10 ፕሮቲን በአንድ ቱቦ እንለካ ብንል 10 ትክክለኛ የአንቲቦዲ ጥንዶች አሉን። የተሳሳተ ሊሆን የሚችለው ጥንድ ግን 90 ነው። 100 ፕሮቲን ከሆነ የተሳሳተው 9,900 ይደርሳል። ቀለም የማን ጥንድ እንደሆነ አይለይም። ዲኤንኤ ግን ስም አለው። ጫፎቻቸው የማይዛመዱ ጥንዶች ቢገናኙም አይባዙም፤ ቢባዙም በንባብ ይለያሉ። በዚህ መንገድ የዩኬ ባዮባንክ በተባለው ትልቅ የብሪታንያ የጤና ጥናት ከ54,000 በላይ ሰዎች ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ 2,900 የሚሆኑ ፕሮቲኖች ተለክተው ውጤቱ በ2023 ታትሟል። የተጠቀሙት ኦሊንክ የተባለውን ኩባንያ መሣሪያ ነው፤ አንቲቦዲና ዲኤንኤ በጥንድ የታሰሩበትን። በጽሑፉ ሎጂክ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ልኬት ድምር ጫጫታ መሆን ነበረበት።

ሁለቱ ቁልፎችም የሚታለሉበት ጊዜ እንዳለ ግን መደበቅ አልፈልግም። አንዳንድ ሰው ደም ውስጥ የእንስሳ አንቲቦዲን የሚይዙ አንቲቦዲዎች አሉ። እነሱ ሁለቱን የምርመራ አንቲቦዲዎች ያለፕሮቲን ያጋጥሟቸዋል። ካዝናው በሌባ እጅ ተከፈተ ማለት ነው። መከላከያው ተራ የሆነ የእንስሳ አንቲቦዲ በብዛት ጨምሮ እነዚያን ማጥገብ ነው። ሁልጊዜ አይሳካም። ሌላም አለ። ፕሮቲኑ ከልክ በላይ ሲበዛ እያንዳንዱ አንቲቦዲ የየራሱን ፕሮቲን ይዞ ይቀመጥና ጥንዱ ሳይገናኝ ይቀራል። በጣም የታመመው ሰው ጤነኛ መስሎ ይወጣል። ናሙናውን አቅጥኖ መድገም ያስፈልጋል። ጸሐፊው ሊወቅሱ ከፈለጉ የሚወቀሰው ይሄ ነበር።

ከዚህ ነጥብ ሳንወጣ፣ ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አደባልቋል። መሣሪያው ጥቂት ሞለኪውል ማየት መቻሉ አንድ ነገር ነው። ፖዘቲቭ የተባለው ሰው በእርግጥ መታመሙ ሌላ ነገር ነው። ከ1,000 ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ አለ እንበል። ምርመራችን ከታመሙት 99 በመቶውን ይይዛል፤ ከጤነኞቹም 99 በመቶውን በትክክል ነጌቲቭ ይላል። 100,000 ሰው ብንመረምር 100 ታማሚ አለ፤ 99ኙን አገኘን። ጤነኞቹ 99,900 ናቸው፤ ከእነሱ ግን 999 ሰው ፖዘቲቭ ይባላል። ፖዘቲቭ ከተባለው ሰው የታመመው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ያመጣው ዲኤንኤ ማባዛቱ አይደለም። ኤላይዛም ቢሆን፣ ፒሲአርም ቢሆን ሒሳቡ ያው ነው። መፍትሔው ማን ይመርመር የሚለውን በቅጡ መምረጥና ፖዘቲቩን በሌላ ዘዴ ማረጋገጥ ነው።

አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? ከፍተኛ ትብነት ያላቸው የትሮፖኒን ምርመራዎች ሲመጡ እንደዚያው ሆነ። በብዙ ጤነኛ ሰው ደም ውስጥም ትንሽ ትሮፖኒን ተገኘ። ሐኪሞች ምርመራውን አልጣሉትም። መስመሩን ከጤነኞች 99ኛ ፐርሰንታይል ላይ፣ ማለትም ከ100 ጤነኞች 99ኙ ከሥሩ በሚሆኑበት ቦታ፣ አሰመሩ፤ በሰዓታት ልዩነት ደግመው እየለኩ ለውጡን ማየት ጀመሩ። መሣሪያው ሲሻሻል የአነባበቡም ልማድ አብሮ ይለወጣል።

«ዲኤንኤ ደም ውስጥ አይቆይም»

ደም ውስጥ ዲኤንኤን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉ፤ እውነት ነው። ግን እንደ ኢሚዩኖ ፒሲአር ባሉ ዘዴዎች ዲኤንኤ የታሰረበት አንቲቦዲ የሚገባው ደሙ ታጥቦ ከሄደ በኋላ ነው። አብረው የሚቀላቀሉ ከሆነም ኢዲቲኤ ይጨመራል። እነዚያ ኢንዛይሞች ያለ ማግኒዚየምና ካልሲየም ሥራ አይሠሩም፤ ኢዲቲኤ ደግሞ ሁለቱንም ያስርባቸዋል። የዲኤንኤውን አከርካሪ በኬሚካል መቀየርም ይቻላል፤ ኢንዛይሙ ያኔ በቀላሉ አይቆርጠውም።

ደግሞስ በዚህ ጥምር ውስጥ ቶሎ የሚበላሸው ማነው? አንቲቦዲው ነው። ሙቀት ቅርጹን ካፈራረሰው በኋላ ሲቀዘቅዝ አይመለስም። ዲኤንኤ በሙቀት ሁለት ቦታ ቢለያይ ሲበርድ ተመልሶ ይጣመራል። ደርቆም ብዙ ይቆያል። የጸሐፊው ክስ የአብዬን ወደ እምዬ ነው።

ጽሑፉ ያልነካው እውነተኛ ድክመት ግን አለ። ዲኤንኤውን ከአንቲቦዲው ጋር ለማሰር ከተለመዱት መንገዶች አንዱ ባዮቲንና ስትሬፕታቪዲን የተባለው ፕሮቲን ነው። ሁለቱ ሲገናኙ በቀላሉ አይላቀቁም። ባዮቲን ደግሞ ቫይታሚን ነው። በቀን የሚያስፈልገን 30 ማይክሮግራም ገደማ ሲሆን ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው እንክብል ግን 5 ወይም 10 ሚሊግራም ይይዛል፤ ከ150 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ትርፉ ደም ውስጥ ሲንሳፈፍ የስትሬፕታቪዲኑን ቦታ ይሻማል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በኅዳር ወር 2017 ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። ባዮቲን ይወስድ የነበረ አንድ ታካሚ ትሮፖኒኑ በሐሰት ዝቅ ብሎ ከተነበበ በኋላ መሞቱም ተገልጿል። ያ ምርመራ ዲኤንኤ የለበትም፤ ማሰሪያው ግን ያው ነው። ስለዚህ ዲኤንኤውን ያለ ባዮቲን፣ በቀጥታ በኬሚካል ማሰር የተሻለ ነው። ብዙዎችም ወደዚያው ሄደዋል።

የሉፐስ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ፣ ሕሙማንም አሉ። ብዙዎቹ ደማቸው ውስጥ ዲኤንኤን ራሱን የሚይዝ አንቲቦዲ አለ። ዲኤንኤ የታሰረበት መሣሪያ እነሱ ላይ ሊሳሳት ይችላል። ይህን ሳይፈትሽ ገበያ የሚወጣ መሣሪያ ካለ ከጸሐፊው ጋር አብሬ እጮኻለሁ።

«30 ዓመት፣ ምንም የለም»

ከሉፐስ ሳንርቅ እንጀምር። ሉፐስን ለመለየት ከሚረዱት ምርመራዎች አንዱ ራሱ የዲኤንኤና የአንቲቦዲ ጥምር ነው። እዚያ ሚናቸው ይገለበጣል፤ ዲኤንኤው ማጥመጃ፣ አንቲቦዲው ታዳኝ ይሆናል። ክሪቲዲያ የምትባል ባለ አንድ ሴል ፍጥረት አለች። ሰው ላይ በሽታ አታመጣም። ከኒውክለሷ ሌላ ዲኤንኤ ታጭቆ የተከማቸባት አንዲት ነጥብ አላት። እሷ በተለጠፈችበት መስታወት ላይ የታካሚው ሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ይንጠባጠባል፤ ከዚያ የሚያበራ ቀለም ያለው ሌላ አንቲቦዲ ይከተላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያቺ ነጥብ አረንጓዴ ካበራች ታካሚው ዲኤንኤን የሚያጠቃ አንቲቦዲ አለው። ይህ ምርመራ ከኢሚዩኖ ፒሲአርም ይቀድማል።

የማህፀን በር ካንሰርስ? ሃይብሪድ ካፕቸር 2 የተባለውን የኤችፒቪ (ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ) ምርመራ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1999 ፈቅዶታል። ከናሙናው የወጣው የቫይረስ ዲኤንኤ በአልካላይን ይፈታል። የአርኤንኤ ቁራጭ ይጣበቅበታል። ከዚያ የዲኤንኤና የአርኤንኤ ጥንድን ብቻ የሚያውቅ አንቲቦዲ ይይዘዋል፤ ብርሃን የሚያወጣ ኢንዛይም የተሸከመ ሌላ አንቲቦዲም ይከተላል። 13 ለካንሰር የሚያጋልጡ የቫይረሱን ዓይነቶች የሚይዘው ይህ ምርመራ ለዓመታት በብዙ አገር ሲሠራ ኖሯል። እዚያ ውስጥ ፒሲአር የለም። ከቤተ ሙከራ አልወጣም የተባለው ነገር እንግዲህ ይህ ነው።

በ2016 ደግሞ የኬሚስቷ የካሮሊን ቤርቶዚ ቡድን ደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲን በዲኤንኤ የሚለይ ዘዴ አሳተመ። ዲኤንኤ የታሰረባቸውን ፕሮቲኖች አንቲቦዲው በሁለት እጁ ሲያቀራርባቸው ቁራጮቹ ይሰፋሉ። የሚፈልገው ናሙና ጥቂት ማይክሮሊትር ነው።

ጸሐፊው በእጅ የሚያዝ፣ አልጋ አጠገብ በደቂቃ የሚመልስ መሣሪያ ማለታቸው ከሆነ ግን ያማረራቸው ይገባኛል። የሳንታ ባርባራው ኬቨን ፕላክስኮ፣ የሮማው ፍራንቼስኮ ሪቺና የሞንትሪያሉ አሌክሲስ ቫሌ ቤሊስል አንቲቦዲ ሲይዛቸው ቅርጻቸውን የሚቀይሩ የዲኤንኤ መቀያየሪያዎችን ሠርተዋል። እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ኤሌክትሮድ ላይ ሲቀመጥ ለውጡ በኤሌክትሪክ ይነበባል፤ አሠራሩ ከስኳር መለኪያ ጋር ይቀራረባል። እንደ ስኳር መለኪያው ግን ገና በየቤቱ አልገባም። ምክንያቱ በቁጥር ይታያል። ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ 5 ሚሊሞላር ገደማ ነው። ትሮፖኒን አሳሳቢ የሚባልበት መስመር ግን 1 ፒኮሞላር (የሚሊሞላር አንድ ቢሊዮንኛ) አካባቢ ነው። ልዩነቱ 5 ቢሊዮን እጥፍ ይሆናል። ስኳርን መለካት ቀድሞ መሳካቱ አይገርምም።

ከዚህ ጋር አብሮ ለአጋነኞቹም አንድ ነገር ልበል። በአንዲት ጠብታ ደም ሁሉንም በሽታ እናያለን የሚሉ አሉ። 50 ማይክሮሊትር ጠብታ ውስጥ 1 አቶሞላር (የፒኮሞላር አንድ ሚሊዮንኛ) የሆነ ፕሮቲን 30 ሞለኪውል ብቻ ነው። ከዚያ 100 ጊዜ ካነሰ ጠብታው ውስጥ አንድም ላይኖር ይችላል። የሌለን ነገር ዲኤንኤም አያባዛውም።

«ገንዘቡ ለፒሲአር ማሽን ይዋል»

ይዋል። ኢሚዩኖ ፒሲአርም፣ የጥንዶቹ ዘዴም፣ የቤርቶዚ ቡድን ዘዴም መጨረሻ ላይ በዚያው የፒሲአር ማሽን ሊነበቡ ይችላሉ። ማሽኑ ጠዋት የቫይረስ ጂን ቆጥሮ ከሰዓት ፕሮቲን ሊቆጥር ይችላል። የዲኤንኤው ቁራጭም ወጪውን አያንረውም። ውዱና አስቸጋሪው ነገር አንድን ፕሮቲን በሁለት የተለያየ ቦታ የሚይዙ፣ ሌላ የማይነኩ ሁለት ጥሩ አንቲቦዲዎች ማግኘት ነው። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ስለዚያ ቢጽፉ ደስ ይለኛል።